በሚካኤል ቀን የታጠበ ብርድ ልብስ

ክረምት ጉና ተራራ ላይ ለዕረፍት የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። በሐምሌ መሄጃ ቢኖረን እኛ ራሳችን እንሄዳለን። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ ጉሙ ከበጎቹ ጋር አብሮ በረት ይገባል፣ ጎተራው ተሟጦ ከድንች ጋር ተፋጠን የምንከርምበት ወር ነው። እትዬ ብዙነሽ ግን ልጇን አስከትላ መጣች። «ዕረፍቷን እዚህ ላሳልፍላት ብዬ ነው» አለችኝ በቅሎ ላይ እንደተቀመጠች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። ዕረፍት! እኔ ፈንታነሽ ለዚህ ቤት ምራት ከሆንኩ ጀምሮ ይህን ቃል በራዲዮ እንጂ በደጄ ሰምቼው አላውቅም።

ብዙነሽ የባለቤቴ የአዳነ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ልጃቸው ዳዴ ሳትል ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በወባ ቀረ። እሷም ሕፃኗን ሕይወትን ለእናቷ ለእማሆይ ለተሥላሴ ትታ ቤሩት ገባች። ዘጠኝ ዓመት የሰው አንሶላ ስታጥብ ኖራ ተመለሰች፤ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ ዳቦ እየጋገረች መሸጥ ጀመረች። ትንሽ ስትደላደል ልጇን ከእማሆይ እጅ ወስዳ ከተማ አስገባቻት። ሕይወት አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ያሳደጓትን አያቷን «እማ» ትላለች፣ የወለደቻትን «ብዙነሽ» ብላ በስሟ ትጠራታለች። ይህ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ ልጅ ያየውን ነው የሚለው። ግን ያን ሁሉ ዓመት በናፍቆት ላለቀ ሰው ሲባል እኔንም ያመኛል።

በመጡበት ምሽት ሕይወት እሳት ዳር ተቀምጣ እግሯን እያሞቀች ሹክ አለችኝ።

«እኔ አልመለስም፣ እትዬ ፈንታነሽ። ብዙነሽ ቤት ሰልችቶኛል። እዚሁ እማ ጋ ሆኜ ከታች ትምህርት ቤት እማራለሁ። ለእሷ ገና አልነገርኳትም።»

ብዙነሽ ከግርግዳው ወዲያ ተኝታ እየሳለች ነበር። ልጅቱ ይህን ስትል ሳሉ ቀጥ አለ። ሰምታለች። እኔ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ እሳቱን ቆሰቆስኩ።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የተባለው ነገር ለልጅቱ ብቻ ሆነ። ሕይወት በነጋታው የከተማ ጫማዋን ጥላ ቦት አጠለቀች፤ ከእኩዮቿ ጋር በጎቹን ይዛ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ወደ በቀለበት ገመገም ትወጣለች፣ ማታ ጉንጯ ቀልቶ እየሳቀች ትገባለች፣ ከእማሆይ ጋር አንድ መደብ ላይ ትተኛለች። ብዙነሽ ከቤሩት ባመጣችው ካፖርት ተጠቅልላ ምድጃውን ታቅፋ ትውላለች። ተወልዳ ያደገችበት ብርድ አላውቅሽም አላት። ልጇን «ቁርስ ልስጥሽ?» ትላታለች፤ «በልቻለሁ።» «ጠጉርሽን ልሥራሽ?» «እማ ትሠራኛለች።» እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል፤ ይህች እንግዳ ግን በገዛ ልጇ ፊት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብረት ነበረች።

አንድ ቀን ድንች አብረን ስንልጥ ቢላዋውን አስቀመጠችና፣ «ደከመኝ፣ ፈንታነሽ» አለችኝ። «ሥራ አይደለም ያደከመኝ። ሥራማ ለምጄዋለሁ። የገዛ ልጄን መለማመጥ ነው የጨረሰኝ።»

«በርቺ» አልኳት፤ ሰው የሚለው ሲያጣ የሚለውን።

የሐምሌ ሚካኤል ዕለት ሁላችንም ቅዳሴ ሄድን። ሕይወት ከበጎቹ ጋር ወጥታለች። ብዙነሽ ሳሉ ስለበረታባት ብቻዋን ቤት ቀረች። አጥቢያችን በክረምት የሚካኤልን ቀን አጥብቆ ይይዛል፤ አይታረስም፣ አይታረምም፣ አይፈጭም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልብስ ወንዝ አይወርድም። ቀኑ ከተሻረ በረዶ ይወርዳል፣ በረዶ ከወረደ ገብሱ አለቀ። ስለዚህ ሐምሌ ሲገባ ቀን የሻረውን የሚዳኝ የበረዶ ዳኛ እንመርጣለን፤ የዘንድሮው አያ እሸቴ ናቸው። ልጅ ቢያጠፋ እናቱ ወይም አባቱ ድንጋይ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ይቅርታ ይለምንለታል። አውቆ ያጠፋ ትልቅ ሰው ግን እስከ ቡሄ እሳትና ውሃ ይከለከላል፤ ማንም ፍም አይሰጠውም፣ ማንም ደጁን አይረግጥም።

ከቅዳሴ ስንመለስ አበባ አበባ ያለበት ትልቁ ብርድ ልብሳችን አጥራችን ላይ ተዘርግቶ ውሃ ይንጠባጠባል። ሕይወትና እማሆይ የሚለብሱት ነው። ልጅቱ ሌሊት ቁንጫ በላኝ ብላ ስትነጫነጭ እናቷ ሰምታ፣ ቤቱ ጭር ሲል ጠብቃ ወንዝ ወርዳ አጥባዋለች። መጀመሪያ የተናደድኩት በሽረቱ እንኳ አልነበረም። በሐምሌ ብርድ ልብስ የሚያጥብ ምን ዓይነት ሰው ነው? መቼ ሊደርቅ?

«እትዬ ብዙነሽ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው!»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጣቶቿ ከወንዙ ቅዝቃዜ የተነሳ በርበሬ መስለዋል። «ከተማ በሚካኤል ይታጠባል... እኔ እርሻ ብቻ መስሎኝ... ወይኔ!» አለች። ዘጠኝ ዓመት በዓል ሳያውቅ ያጠበ እጅ ነው፤ ምን ያድርግ። ብርድ ልብሱን ጎትተን አስገባነው። ግን ከቅዳሴ የተመለሰው ሕዝብ ሁሉ በአጥራችን ሥር ነው ያለፈው።

ከሰዓት በኋላ በረዶው ወረደ። ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው እርስ በርስ አንሰማማም ነበር። ሲያባራ የአያ እሸቴ ገብስ እንዳለ ተኝቷል፣ የእኛም ግማሹ ሄዷል። ሕይወት በጎቹን እየነዳች በስብሳ ገባች፤ ብርድ ልብሱን አይታ ከእኔ ነገሩን ስትሰማ እናቷ ላይ ጮኸችባት።

«ማን እጠቢልኝ አለሽ? ማን ለመነሽ?»

ብዙነሽ ግርግዳው ሥር ኩርምት ብላ የቀላ እጇን ታሻለች። እውነቱን ልናገር፣ የዚያን ዕለት ልጅቱን በጥፊ ባጠናግራት ደስ ይለኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጥቢያው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። አያ እሸቴ ፊታቸው ጠቁሯል፤ ማሳቸው የተኛ ሰው ፊት ነው።

«በሚካኤል ዕለት አዳነ አጥር ላይ እርጥብ ልብስ ታይቷል» አሉ። «ያጠበው ሰው ራሱ ይናገር።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ «ሌላ ማን ይሆናል? አረብ አገር የከረመ ሰው ምን ሃይማኖት ይቀረዋል» ስትል ሰማሁ። ብዙነሽም ሰማች። ነጠላዋን ሰብስባ ልትነሳ ስትል ሕይወት ከአጠገቧ ብድግ አለች።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

ክው አልኩ። ያን ቀን ገመገም ላይ እንደነበረች አውቃለሁ። ብዙነሽ፣ «ኧረ አይደለ...» ስትል ልጅቱ ጎንበስ ብላ ክንዷን ጨመቀቻት። «ዝም በይ» አለቻት በሹክሹክታ። «አንቺን ሃይማኖቷን ከዳች ይሉሻል። እኔን ልጅ ናት ብለው ይተዉኛል።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ሕዝቡ ሰምቷል። አያ እሸቴ ልጅቱን ትክ ብለው አዩና ተነፈሱ።

«እንግዲያ ልጅ ናት። ሕጉ ይታወቃል። እናቷ ድንጋዩን ታንሳ።»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እማሆይ ዞረ። በዚህ አገር የሕይወት እናት እሳቸው ናቸው፤ ቁርባን ያስቆረቧት፣ ኩፍኝ ሲይዛት አቅፈው ያደሩት እሳቸው ናቸው። አሮጊቷም አላመነቱ፣ መቋሚያቸውን ፈልገው ሊነሱ ይንገዳገዱ ጀመር።

«አይ፣ እማሆይ አያቴ ናቸው» አለች ሕይወት። «እናቴ ብዙነሽ ናት።»

እማሆይ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ። አያቴ ስትላቸው ከተወለደች የመጀመሪያዋ ነው። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም፣ ወደ መሬት አቀረቀርኩ። ቀስ ብለው ሲቀመጡ ሰማሁ፤ ከዚያ፣ «ተሸከሚ፣ ብዙነሽ። ልጅሽ ናት» አሉ።

ብዙነሽ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ዞረች። ጭቃው ጫማዋን አስቀረው፣ አልቆመችም። ሳሉ ይጥላታል፣ ደግሞ ትሄዳለች። ዕንባዋ በአፍንጫዋ ይወርዳል፤ እኔ ግን ያን ያህል ቀና ያለ ፊት ከመጣች አላየሁባትም ነበር። ተመልሳ ተንበረከከችና፣ «ስለ ሚካኤል ብላችሁ ይቅር በሉኝ» አለች። ልጄን ይቅር በሉልኝ አላለችም። ከእኔና ከልጅቱ በቀር ያስተዋለ ያለ አይመስለኝም።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አለ ሕዝቡ።

ከዚያ በኋላ ሳሏ ጨርሶ ባሰባት፣ ከብርዱ እንድትወርድ አዳነ በቅሎውን አሰናዳ። ዕቃዋን ስትሸክፍ፣ «ልጅቱንስ ጠየቅሻት?» አልኳት።

«አልጠየቅኳትም፤ ከእንግዲህም አልለምናትም። ያደረገችልኝ ይበቃኛል። ከፈለገች ትቅር።»

እንዲህ አለች እንጂ ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም። በማለዳው ጉም ውስጥ የእናቷን ጉልበት ስማ በቅሎ ላይ ወጣች። ሕይወት የለችም። አዳነ በቅሎውን ሊነዳ ሲል ልጅቱ ከቤት ብቅ አለች፤ በአንድ እጇ ቦርሳዋን፣ በሌላው ያንን ያልደረቀ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛለች። መሽተት ጀምሯል። ብርድ ልብሱን ከእናቷ ኋላ ጫነችና በገመድ ጠፈረችው።

«ይሄ እዚህ እስከ መስከረም አይደርቅም» አለች። «ቤታችን ወስደን እናሰጣዋለን።»

ብዙነሽ ልጓሙን በሁለት እጇ ጨብጣ አፏን ገጠመች፣ ትንፋሽ ብታወጣ የሰማችው የሚጠፋባት ይመስል። ሕይወት ተመልሳ እማሆይን አቀፈቻቸው፣ ረጅም ጊዜ አለቀቀቻቸውም፤ ከዚያ ከበቅሎው ፊት ቀድማ ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

እማሆይ ጉሙ ሁለቱንም እስኪውጣቸው ደጅ ቆሙ። እኔ ገብቼ ድንቹን ማጠብ ጀምሬአለሁ። መጥተው ምድጃው ዳር ተቀመጡና፣ «ፈንታነሽ፣ የሁለት ሰው ቀንሺ» አሉኝ።

ቀነስኩ።