መጽሐፍ ላይ የወጣው የጥጃ ቤታችን

ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ውሃ ከፍ ብሎ ካለው ሰፈር ከገባን ስንት ዓመት አለፈን፤ ባለቤቴ ግን ዛሬም ሰው ሲጠይቃት «ለጊዜው ነው» ትላለች። አዲስ አበባ ተከራይተን ስንኖር አብረዋት ማህበር የሚጠጡት ሴቶች «ገጠር ገባች» ብለው አዝነውላት ነበር አሉ። «ገጠር» የምትለው ቃል እስከ ዛሬ ጨጓራዋን ትልጠዋለች። ስለዚህ ያለንን ሁሉ ሳሎኑ ላይ አፈሰስነው። ለላሚቱና ለጥጃዋ ደግሞ ከሳሎኑ ጀርባ የጭቃ ቤት ሠራሁ። በቃ፣ ቤታችን ይኸው ነው።

አንድ ቀን ትልቅ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው በራችንን አንኳኳ። ውሃው ዳር አዲስ የተከፈተውን የእንግዳ ማረፊያ ሊያነሳ መጥቶ ኖሯል፤ ከእኛ ግቢ ውሃው ጥሩ ሆኖ ስለሚታይ እንድናስገባው ለመነን።

«ምን ሊሆንልህ ነው ልጄ?» አልኩት።

«ለመጽሐፍ ነው አባባ። ሰው ተጉዞ የሚያርፍባቸው የሚያምሩ ቤቶች የሚወጡበት ትልቅ መጽሐፍ።»

«የሚያምሩ ቤቶች» የሚለውን ባለቤቴ ከማድ ቤት ሰማች። እጇን እንኳ ሳታደርቅ ወጣች።

«ታዲያ የእኛን አታነሳም?»

ሰውዬው ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና «በጣም ደስ ይለኛል እማማ። ነገ ጠዋት፣ ብርሃኑ ጥሩ ሲሆን ልምጣ?» አላት።

የዚያን ቀን ከሰዓት በገዛ ቤቴ መቀመጫ አጣሁ። ሶፋው ላይ ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ የቡፌው ብርጭቆ ሁሉ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተመለሰ። ለፋሲካ ብቻ የሚሰቀለው፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው መጋረጃ ወጥቶ በፊትም በጀርባም መስኮት ተሰቀለ። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለማህበርተኞቿ ለእያንዳንዳቸው ደወለች። «ቤቴ መጽሐፍ ላይ ሊወጣ ነው። ኧረ ሳሎኑ ነው፣ ሳሎኑ!»

በማግስቱ ሰውዬው መጣ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ጠጣ፣ «በጣም ንጹሕ ነው» አለ፣ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ወጣ። ብንጠብቀው ብንጠብቀው የለም። ብንፈልገው ጥጃ ቤቱ ውስጥ፣ ጥግ ይዞ፣ በሆዱ ተኝቶ ካሜራውን ወደ በሩ አቅንቷል። ጥጃው በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል።

«ልጄ፣ ተሳስተሃል፤ ቤቱ በዚህ ነው» አለችው ባለቤቴ።

«አይ እማማ፣ ብርሃኑን አዩልኝ?»

«ብርሃን ከሆነ ሳሎን አምፖል አበራልሃለሁ!»

«ግድግዳው እኮ ይተነፍሳል!» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

«የሚተነፍሰው ጥጃው ነው ልጄ» አልኩት። ምን ላይ እንደተኛ ግን አልነገርኩትም። እንግዳ ነው፣ ማሳፈር አልወደድኩም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ መጽሐፉ በሾፌር ተላከልን። በሁለት እጅ ካልሆነ አይነሳም። ፈረንጅኛው ለእኛ ስለማይገባን ከተማ የምትሠራውን ልጃችንን እስከ እሁድ ጠበቅን። እናቷ ለመደርደሪያ የሚሆን ጣውላ አስመጥታ ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ መደርደሪያ አይገባም» አለች ልጃችን። «የቡና ጠረጴዛ መጽሐፍ ነው የሚባለው።»

«ስለ ቡና ነው?» አልኩ።

«አይደለም አባዬ። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና እንግዳ ሲመጣ ያገላብጠዋል።»

«ሳይነበብ?»

«ፎቶው ነው የሚታየው።»

እንዲህ ያለ መጽሐፍ መኖሩን በጊዜው ባውቅ ኖሮ ከአራተኛ ክፍል ባላቋረጥኩ ነበር።

ማገላበጥ ጀመርን። አንዱ አልጋ ላይ ስምንት ትራስ ቆጠርኩ፤ የሚተኙት ሁለት ሰዎች ከሆኑ ስድስቱን የት ያደርጓቸዋል? አንዱ ቤት የገላ መታጠቢያው ተራራ ፊት ለፊት ነው፤ መጋረጃ የሚባል የለውም። ደግሞ በዚያ ሁሉ ቤት አንድ ሰው አይታይም። ባለቤቴ ግን ይሄን ሁሉ አታይም፤ ሳሎኗን ትፈልጋለች። መሃል ላይ ስንደርስ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ጥጃችን ወጣ።

«ከሥሩ ምን ይላል?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ልጃችን እኔን አየችኝ። «ይላል... 'የገጠር ጸጥታ' ይላል።»

ባለቤቴ መጨረሻው ድረስ አገላብጣ ሳሎኗን ስታጣው መጽሐፉን ዘጋችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ዳንቴል አለበሰችው፣ የፕላስቲክ አበባውን ከነማስቀመጫው ላዩ ላይ ጫነችበት። «ይኸው፣ ጠረጴዛ ላይ ነው» አለች።

የፈራችው ቀን መጣ፤ የማህበሩ ተራ እሷ ጋ ደረሰ። ሴቶቹ ገና ሳይቀመጡ «የታለ መጽሐፉ?» አሉ።

«ገና አልታተመም» አለች። እኔ ወለሉን አየሁ።

ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ከሁሉም ምላሷ የሚፈጥነው፣ «ገጠር ገባች» የሚለውንም ያመጣችው ሴት አበባውን ገፋ አድርጋ፣ እስከ አፉ የሞላ የጠላ ጆግ ዳንቴሉ ላይ ልታስቀምጥ ስትል አየኋት።

«ኧረ መጽሐፉ ይረጥባል!» ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ ያየችኝን አስተያየት እንኳን ሰው፣ ላሚቱም ብታይ ወተቷ ይደርቅ ነበር። ወደ ማድ ቤት ገባች። ሴቶቹ ዳንቴሉን ገፈው መጽሐፉን ከፈቱ፤ ጥጃው ወጣ።

«ይሄ ነው ሳሎኑ?» አለች ያቺው ሴት፤ ሳቁ ቤቱን ሞላው።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ጊዜ ለመግዛት መነጽሬን አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ ገጹ ላይ አቀረቀርኩ። ከጥጃው ጆሮ በላይ በሩ ክፍት ነው። ከበሩ ማዶ የሳሎናችን የጀርባ መስኮት። መስኮቱ ላይ...

«እህቶቼ፣ ይቺ መጋረጃ የማናት?» አልኩ።

ያቺው ሴት መነጽሬን ከአፍንጫዬ ነጥቃ አደረገችው። «የፋሲካው መጋረጃ! ኧረ ዘርፉ ራሱ ይታያል!»

ሳቁ ቆመ። መነጽሬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ባለቤቴ ጭልፋ እንደያዘች ከማድ ቤት ብቅ አለች። «የት? የቱ ጋ?» መጋረጃዋ ጥፍር ታህላለች፣ ግን ትታያለች።

«የእኔን መጋረጃ እንዲህ መጽሐፍ ላይ የሚያወጣልኝ ማን አለ?» አለች ያቺው ሴት ቅር ብሏት። ባለቤቴ ያን ዕለት ጠላ የቀዳችላት ሦስት ጊዜ ነው።

አሁን መጽሐፉ ዳንቴል አይለብስም፤ እዚያው ገጽ ላይ ተከፍቶ ይውላል። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ በአንድ እጇ መጋረጃውን ታሳያለች፤ በሌላኛው መዳፏ ጥጃውን ትሸፍናለች።

ባለካሜራው ሰውዬ ተመልሶ የመጣ እንደሆነ ብላ ለጥጃ ቤቱም በር ዘርፍ ያለው መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለች። ጥጃው ከዘርፉ ጀምሮ በላው።