ቀለም የማይበረክትበት ክንፍ

ቲጃኒ በቀኝ እጁ ሞረዱን፣ በግራ እጁ የሞተሩን ክንፍ ይዞ ስለታሙን ጠርዝ ያዶለዱማል። የጀልባ ሞተሩ ግቢው ውስጥ፣ ከበለሱ ዛፍ ሥር፣ በዓሣ ሣጥኖች ላይ እንደ በሽተኛ ተጋድሟል። ክንፉ ውሃ እየቀዘፈ ከሚሽከረከረው ፕሮፔለር በታች የሚንጠለጠል፣ መዳፍ የሚያህል የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው። ቲጃኒ ትንሽ ይሞርድና ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፤ ደስ ሳይለው ይቀርና እንደገና ይሞርዳል።

“ሰውዬ፣ ሞተር ነው ወይስ ሙሽራ?” አለች ሚስቱ መብሩካ፣ ለወጥ የሚሆነውን ኦክቶፐስ እንዲለሰልስ ድንጋይ ላይ እየደበደበች።

“ቀለም ስለታም ጠርዝ ላይ አይቆምም። ይሸሻል። ጠርዙ ክብ ሲል ነው የሚይዘው።”

“ማን ነገረህ?”

“ስፋክስ ያለው መካኒክ።”

“እንግዲያው እሱ ይምጣና ይሞርድ፤ አንተ ይህን ኦክቶፐስ ደብድብልኝ።”

ነገሩ ግን ለቲጃኒ ቀልድ አልነበረም። ሞተሩ የራሱ አይደለም። ባለፈው በጋ ያመጣለት የመብሩካ ወንድም ሞንጂ ነው፤ ሞንጂ ከባሕሩ ማዶ ስፋክስ ከተማ ይነግዳል። ሰሞኑን ደውሎ፣ “ለበዓሉ እመጣለሁ። ሞተሩን በደንብ ይዘኸው እንደሆነ አያለሁ። ካልያዝከው ለቡርኒ እሰጠዋለሁ” ብሏል። ቡርኒ የአጎታቸው ልጅ ሲሆን ባሕሩ ውስጥ የዓሣ ወጥመዱ ከቲጃኒ ወጥመድ ጎን ነው። ሞተሩን ባየ ቁጥር ምራቁን ይውጣል። ቲጃኒ ሞተሩን ካጣ ወደ ድሮው ዘንግ ይመለሳል፤ የባሕሩን ወለል በረጅም እንጨት እየተመረኮዘ ጀልባውን መግፋት ሊጀምር ነው። ትከሻው ደግሞ የድሮው ትከሻ አይደለም።

ችግሩ ያለው አነዳዱ ላይ ነበር። በከርከና ደሴት ዙሪያ ባሕሩ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቀት የለውም። አባቱ በዘንግ ሲገፋ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በዘንጉ ጫፍ ነበር፤ ይኸ አሸዋ፣ ይኸ ሣር፣ ይኸ ጭቃ እያለ። ቲጃኒ ሞተር ሲያገኝ የዘንጉን ሥራ ለክንፉ ሰጠው። ጥልቁን መንገድ ትቶ፣ ክንፉ ወለሉን በሚነካበት በኩል ሆነ ብሎ ይሄዳል። አሸዋ ላይ ሽሽሽ ይላል፤ ሣር ላይ ድምፁ ይታፈናል፤ ድንጋይ ሲነካ መሪውን የያዘ ክንዱ እስከ ክርኑ ይነዝረዋል። ጭጋግ ቢሆን ፀሐይ ዓይኑን ብትወጋው ወጥመዱን ስቶ አያውቅም። ክንፉ ላይ ግን ቀለም ሰንብቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ከበሩ የተረፈውን ሰማያዊ ቀለም ቀባው። የዓሣውን ስብ ሳያጥብ ስለቀባው፣ ቀለሙ በማግስቱ እንደ ኦክቶፐስ ቆዳ ተገፎ ወጣ። ቀጥሎ የእንጨት ጀልባ ሆድ የሚቀባበትን ቀይ ቀለም ለቀለቀው። ውስጡ መዳብ እንዳለ፣ መዳብና አሉሚኒየም ደግሞ ጨው ውሃ ውስጥ እንደማይስማሙ አላወቀም። ክንፉ ነጭ ዱቄት እያወጣ፣ ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ተበሳሳ።

“አሁንስ ሐኪም ጥራለት” አለች መብሩካ ያን ጊዜ።

በዚህኛው ዙር ግን ቲጃኒ መካኒኩ በስልክ የነገረውን ቃል በቃል ያዘ። ከሞረዱ በኋላ ክንፉን በሞቀ ውሃና በመብሩካ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ፈተገው።

“ልጆቻችንን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላጠብካቸውም!”

“ልጆቻችን ቀለም አይቀቡም።”

“ስፖንጁን ግን መልሰህ ወጥ ቤት እንዳታስገባው።”

ከደረቀ በኋላ አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አስለቀቀው፤ ብረቱ በየቦታው እስኪያበራና በጣት ሲነካ ሻከር እስኪል ድረስ አሸው። በአኳራጅ ወለወለና ወዲያው፣ አየሩ ሳያበላሸው፣ ለአሉሚኒየም የሚሆነውን የመሠረት ቀለም ቀባ። ዶሮዎቹ አቧራ እንዳያስነሡ ከግቢው ተባረሩ። መብሩካም መጥረግ ተከለከለች፤ እሷ በዚህ ምንም አላዘነችም። በላዩ ጥቁሩን ቀለም ስስ ስስ አድርጎ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ሳይጨምር፣ ደራረበው። አንዲት ዝንብ መጥታ ብትጣበቅበት፣ መብሩካ ቅንድቧን በምትለቅምበት ወረንጦ እግር በእግር አነሣት። ከዚያም ቀለሙ እስኪጠነክር ቀናት ሙሉ የዘንባባ ማራገቢያ ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። ሲጨርስ ፊቱን አየበት።

ሞተሩ ወደ ጀልባዋ ተመለሰ። በመጀመሪያው ጠዋት ቲጃኒ አሸዋው አጠገብ ድርሽ ሳይል በጥልቁ በኩል ዞረ። ክንፉ ምንም አልነካም፤ ምንም አልተናገረም። ቲጃኒ መሪውን ይዞ ባሕሩን ቢያይ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውሃ ነው። ዓሣውን ወደየወጥመዱ እንዲመራ በየቦታው የተተከለው የዘንባባ አጥር ሁሉ ከዚህ በኩል ሲታይ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ጥቂት ከዞረ በኋላ የራሱ የመሰለው አጥር አጠገብ ቆሞ፣ መጨረሻው ላይ የተጠመደውን ቅርጫት ሳበ። ከበደው። አምላኩን አመሰገነ።

“እንዴት አደርክ ቲጃኒ?” አለ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ። ቡርኒ ጀልባው ውስጥ ቆሞ ነበር። “ዓሣዬ ይከብዳል?”

“የአንተ?”

“ድሮ የአያቴ፣ ከዚያ የአባቴ፣ ከትናንት ወዲህ ደግሞ የአንተ ሳይሆን አይቀርም።”

በከርከና የሰው ወጥመድ መንካት በሰው መስኮት ከመግባት አይሻልም። ቲጃኒ ቅርጫቱን ትኩስ ድስት እንደያዘ ሰው ለቀቀው።

“መንገድ ጠፍቶኝ ነው።”

“አንተ? ዓይንህን ጨፍነህ የምትመጣው ሰውዬ?”

“ክንፉ እንዳይጫር ብዬ በጥልቁ ዞሬ...”

ቡርኒ ሆዱን ይዞ ሳቀ። “አይዞህ ወንድሜ። ሞተሩ እኔ ቤት ሲገባ እየመጣህ ቀለሙን ታይልኛለህ።”

ቲጃኒ ከዚያ ወዲያ ሞተሩን ሽቅብ አጥፎ አሰረውና ዘንጉን አወጣ። እስከ በዓሉ ድረስ እያቃሰተ ገፋ። ማታ ማታ መብሩካ ትከሻውን በወይራ ዘይት እያሸች፣ “ሞተር እንዳይወሰድብህ ብለህ ሞተር የሌለው ሰው ሆንክ እኮ” ትለዋለች። እሱ፣ “ሞንጂ እስኪመጣ ነው” ይላል።

ሞንጂ ከማመላለሻ መርከቧ ወርዶ፣ የያዘውን የጣፋጭ ሣጥን ለእህቱ ሰጥቶ፣ ሻይ ሳይጠጣ በቀጥታ ወደ ጀልባዋ ሄደ። ቡርኒም ከየት መጣ ሳይባል እዚያው ተገኘ። ሞንጂ አጎንብሶ ክንፉን ዳበሰ።

“አንድ ጭረት የለውም” አለ።

“አንድም!” አለ ቲጃኒ። “እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኩት።”

“ታዲያ አልነዳኸውማ።”

ቲጃኒ ክንፉን በእጅጌው ወለወለ።

“በዘንግ ሲገፋ ነው የሰነበተው” አለ ቡርኒ። “መንደሩ ሁሉ አይቷል። ሞተሩን ለጌጥ ነው የሰቀለው።”

“እኔ እኮ ያመጣሁት ለእህቴ ቤት እንዲሠራ ነው አማቼ” አለ ሞንጂ፣ ከልቡ አዝኖ። “ተቀምጦ የሚታይ ከሆነማ ቡርኒ ይሥራበት። በደንብ መያዝ ማለት እኮ...”

ቲጃኒ ስለ ጠርዙ፣ ስለ መሠረቱ ቀለም፣ ስለ ዝንቧ ሊያስረዳ ጀመረ፤ አንዱን ከሌላው አቀላቅሎት የሚሰማው ጠፋ። ይኼኔ መብሩካ ቀሚሷን ሰብስባ ጀልባዋ ውስጥ ገባች።

“ሁለታችሁም ግቡ” አለች። “ቡርኒ፣ አንተ እዚያው ጠብቅ፤ ሲነዳ ታየዋለህ።”

ቲጃኒ ሞተሩን አስነሣ። ለቀለሙ ሳስቶ እንደገና ወደ ጥልቁ አዞረ።

“የት ነን?” አለ ሞንጂ ትንሽ ቆይቶ።

“ባሕር ላይ።”

“እሱንማ አየሁት።”

“ቲጃኒ፣ ወደ አሸዋው ሳበው” አለች መብሩካ። “ይንካ።”

“ቀለሙስ?”

“ቀለሙን አንበላውም!”

ቲጃኒ ጥርሱን ነክሶ መሪውን ገፋ። ሽሽሽ... አለ ከታች። ትከሻው ወረደ፤ ፊቱም ተፈታ። “ይኸ የነጩ አሸዋ ጀርባ ነው” አለ። የክንፉ ድምፅ ታፈነ። “ሣሩ። አሁን ወደ ግራ።” ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ድሮው፣ ጀልባዋን ወጥመዱ አፍ ላይ አምጥቶ አቆማት። ከቅርጫቱ የወጣው ዓሣ ሞንጂ ጫማ ላይ ሲራገጥ፣ ሞንጂ ጫማውን ረስቶ፣ “መሪውን ወዲህ በል፣ እኔም ልያዘው!” አለ።

ሞንጂ መሪውን ይዞ፣ “ሣር!” አለ።

“ጭቃ ነው።”

“አሁን አሸዋ!”

“አሁን የቡርኒ አጥር ነው፣ አዙር! አዙር!”

ሲመለሱ ቡርኒ ቀድሞ ክንፉን አየ። ከታች በኩል ቀለሙ ሄዶ፣ ብረቱ እንደ ተሳለ ቢላዋ ያበራል። “አንድ ቀን እንኳ አልቆየለትም!” ብሎ ጮኸ።

“ሞተሩ የት መቀመጥ እንዳለበት አይቻለሁ” አለ ሞንጂ እርጥብ ካልሲውን እየጨመቀ። “ቡርኒ፣ አንተ ዘንግህን አጥብቀህ ያዝ።”

ቲጃኒ ሁሉም ወደ ምሳው ሲሄዱ ወደ ኋላ ቀረ። ክንፉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከወለሉ ጋር ከሚፋጨው ጫፍ በቀር፣ ጎኑም የፊቱ ጠርዝም ጥቁር እንደሆነ ነበር፤ ጥፍሩን ቢያስገባ አልተነሣለትም። ቀለሙ አልተላጠም፤ አሸዋ ነው የበላው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚነግረው ሰው ፈልጎ ዙሪያውን ቢያይ፣ ባሕሩ ዳር የሚጭሩት ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ። ለእነሱ ነገራቸው።

ሞንጂ ሲሰናበት፣ “ስፋክስ ወደቡ አጠገብ ያለው ቀለም ሻጭ ዘንድ አንድ ጣሳ በስምህ አስቀምጥልሃለሁ” አለው። “በዚህ ሳምንት ተሻገርና ውሰደው፤ ጫፉን ቀባው።”

“እሺ” አለ ቲጃኒ፣ እየማለ።

በዚያ ሳምንት ዓሣው በዛ። በሚቀጥለው ነፋስ ነበረ፤ ከዚያ የኦክቶፐሱ ወቅት ገባ። ቀለም ሻጩ እየደወለ ነው። መብሩካ ስልኩን አንሥታ፣ “ባሕር ላይ ነው፤ ሲመለስ እልከዋለሁ” ትላለች። ቲጃኒ ከበለሱ ሥር ተቀምጦ በእጁ፣ የለም በይው፣ ይላታል።