አበልጄና ሚጉ

የያዙኝ ናዝሬት፣ እህቴ ቤት ምሳ ላይ ነው። እጄን ልታጠብ አልኳቸው። «እዚያ ትታጠባለህ» አሉኝ። እዚያ ውሃ አልነበረም። እኔንና ሌሎቹን እስረኞች ያስገቡን ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አቧራው በየቀዳዳው እየገባ ምራቃችንን ጭቃ ያደርገው ነበር።

ከሶማሊያ ጋር የተደረገው የምሥራቁ ጦርነት ካበቃ ብዙም አልቆየም። እኔ ደብረ ዘይት የጦር አውሮፕላን ጠጋኝ ነበርኩ። ከጎኔ የተኙት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጄት በላያችን ሲያልፍ ቤቱ ሁሉ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አሉኝ።

«ኤፍ-5 ነው፣ አባቴ።»

«ሁሉም አንድ ነው እንዴ?»

«አይደለም። መጀመሪያ የመጣው ኤ የሚባለው ነው፤ ቀላል ነው፣ ይታዘዛል፣ ጉልበት ግን ያንሰዋል። ኢ ሲመጣ ሞተሩ በረታ፣ ክንፉ ሰፋ፣ አፍንጫው ውስጥ ራዳር ገባለት። ለማስተማሪያ ደግሞ ሁለት ሰው የሚይዝ አለ።»

«ኤዬ! ታናሹ የታላቁን ጉድለት ሞልቶ ይወለዳላ!» ብለው ሳቁ። «አንተን ታዲያ በምን አሰሩህ?»

አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ «ሚግ ቸኩሎ የሚሄድ ዕውር ነው ብለሃል» አለኝ።

ይህ ንግግር የተነገረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በልጄ ክርስትና ዕለት፣ በገዛ ቤቴ። ያልኩትም እኔ አይደለሁም። ያለው ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ አበልጄ ነው።

ከአበልጄ ጋር አሜሪካ አብረን ተምረናል። በኤፍ-5 ሆድ ውስጥ አብረን ተጋድመን ዘይት ጠጥተናል። ሩሲያዎቹ ሚግ-21ን ይዘው ሲመጡም የመጀመሪያውን የሞተር ክዳን የፈታነው አብረን ነው። ሚግ ፈጣን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሜዳ ላይ ለመጠገን አያስቸግርም። ግን ነዳጁ ቶሎ ያልቃል፣ አብራሪውም ዞር ብሎ ወደ ኋላው እንደልቡ ማየት አይችልም። እኛ ጠጋኞች ደግሞ አዲስ የመጣ አውሮፕላን ላይ ሳንቀልድ አናድርም፤ በሙያው ያለ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ያን ዕለት አበልጄ ጠላውን እንደያዘ ያንን ተናገረ፣ እኔም ሳቅኩ። የሚያስቅ ነገር ነበር።

«ሌላ ሰው ነው ያለው ካልክ ስሙን ንገረኝ» አለ መርማሪው። «ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ከዚያ በሩን ከፈተና አበልጄን አስገባው። የደንብ ልብሱን ተኩሶ ለብሷል። እኔን አላየኝም።

«ያለው እሱ ነው» አለ። «በልጁ ክርስትና ቀን። ጆሮዬ ሰምቷል።»

የዚያን ሰሞን አዲስ ለሚመጣው ሚግ-23፣ ክንፉን ወደ ኋላ ለሚያጥፈውና ለሚዘረጋው፣ ሩሲያ ሄደው የሚሠለጥኑ ሰዎች ይመረጡ ነበር። አገሩ ወደ ሩሲያ ዞሮ ስለነበር አሜሪካ የተማረ ሰው ንጹሕ መሆኑን በሆነ ነገር ማሳየት ነበረበት። አበልጄ ንጽሕናውን ያሳየው በእኔ ነው። የራሱን ቃል አውጥቶ አፌ ውስጥ ከተተው።

ተናደድኩ። «ራሱ ነው ያለው!» የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ብናገራት ማታ ከልጄ ጋር እተኛለሁ። ግን ያንን ፊቱን ሳየው እሱን መምሰል አስጠላኝ። ሌላ ትልቅ ምክንያት አልነበረኝም።

«ሚጉ ወደ ኋላ በደንብ አያሳይም» አልኩ። «አብራሪዎቹም ያውቁታል። የተናገረውን ሰው ስም ግን አልሰጥም።»

ከዚያ ወደ እሱ ዞርኩ። «አበልጄ፣ የክርስትና ልጅህ እንዴት ነው? ሄደህ ጠየቅከው?»

«ደህና ነው» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። እንዳልሄደ ገባኝ።

ለመልሴ የተከፈለኝን እዚህ አልጽፍም። በእግሬ አልተመለስኩም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አንጥፈው ተቀበሉኝ።

«ስም ሰጠህ ልጄ?»

«አልሰጠሁም።»

«ቤትህ ትገባ ነበር እኮ።»

«እገባ ነበር፣ አባቴ።»

አለቀስኩ። ሌሎቹ እንዳያዩኝ ጋቢውን ከፍ አድርገው ፊቴን ሸፈኑልኝ።

ከዓመታት በኋላ ስፈታ ልጄ ሮጦ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ፤ አላወቀኝም። ወደ ሥራዬም አልተመለስኩም። እዚሁ ናዝሬት የውሃ ፓምፕ ስጠግን ኖርኩ። አበልጄ ግን ሩሲያ ሄዶ ተምሮ ተመለሰ፣ ማዕረግም ጨመረ። ልጄ ሲያገባ «የክርስትና አባቴን ሳልጠራ?» አለኝ። ጥራው አልኩት። መጣ፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፣ እኔም ሰላም አልኩት። ልጄ ጉልበቱን ስሞ ተመረቀ፤ ሰዉም እልል አለ።

ይቅር ብለኸዋል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ አላልኩትም እለው ነበር። የሚጠይቀኝ ግን የለም። አበልጄ ያደረገውን ለሚስቴም እንኳ አልነገርኳትም።