የአባቴ ቅቤና የመምህሩ ራኬት

ይህ ነገር የደረሰብኝ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ስማር ነው። ወሩ መጋቢት ነበር፤ ዐቢይ ጾም ገብቷል። ዛሬም ሳስታውሰው መጀመሪያ ያስቀኛል፤ ቆየት ብሎ ግን እንባዬ ይመጣል።

የስፖርት መምህራችን ከአዲስ አበባ ሲመደብ አንድ የሜዳ ቴኒስ ራኬት ይዞ መጥቶ ነበር። በልጅነቱ ኳስ እያቀበለ ያጫወታቸው አንድ አዛውንት የሰጡት ነው። በከተማችን ሌላ ራኬት አልነበረም። የትምህርት ቤቱን ግድግዳ እየደበደብን በየተራ ስንለማመድ ራኬቱ ለእጄ ተስማማኝ፤ መምህሩም ደብረ ታቦር በሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር እንድጫወት መረጠኝ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ራኬቱን ቤት ወስጄ እንድለማመድበት ሰጠኝ። «ዐደራ!» ማለቱን አልረሳም።

አባቴ ገበሬ ነው፤ እግረ መንገዱንም የጠፍር አልጋ ይሠራል። የቆዳ ጠፍር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቅቤ ሲጠጣ ይለዝባል። ራኬቱን አገላብጦ ሲያየው ክሩ የደረቀ መሰለው። እኔ ውኃ ልቀዳ እንደወጣሁ እናቴ ለጠጉሯ ካስቀመጠችው ቅቤ ቆንጥሮ፣ ክሩን አንድ በአንድ ቀባልኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

ጠዋት ስነሣ የራኬቱ መሐል ባዶ ነው። አይጥ ቅቤውን ስትልስ ክሩንም ቆረጣጥማዋለች።

እናቴ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለች። አባቴ የክሩን ቁርጥራጭ ከመሬት ይለቅም ጀመር። እኔ ግን እያለቀስኩ «ምን አገባህ?» አልኩት። በዕድሜዬ እንዲያ ተናግሬው አላውቅም። ቀና ብሎ ሳያየኝ ወደ በሬዎቹ ወጣ።

መምህሩ ራኬቱን ሲያይ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እንዲያ ያለ ክር እኛ አገር አይገኝም፤ ውድድሩ ደግሞ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ሁሉም የራሱን ራኬት ይዞ ነው የሚመጣው። «አይዞሽ፣ ለከርሞ ትሄጃለሽ» አለኝ። እኛ መንደር ግን የሴት ልጅን ከርሞ ማን ያውቃል? በዚያ ዓመት ብቻ ከክፍላችን ሁለት ልጆች ተድረው ቀርተዋል። እኔ ያለኝ ያ ዓመት ነበር።

ዓርብ ዕለት አባቴ ራኬቱን በጋቢው ሸፍኖ ገበያ ወጣ። ተከተልኩት። ባለሱቁንም ገመድ ሻጩንም ይጠይቃል፤ ሰዉ «ይሄ ደግሞ የምን ወንፊት ነው?» እያለ ይስቅበታል። ከእኛው አገር ቤተ ልሔም ገዳም በኩል ለገበያ የመጡ አንድ መሪጌታ ግን አልሳቁም። የተቆረጠውን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው በጣታቸው ፈተል ፈተል አደረጉት፤ አሸተቱት።

«ይሄ'ኮ አንጀት ነው» አሉ። «የበገናዬ አውታርም ከበግ አንጀት ነው።»

«እንዲያ ከሆነ በግ አርዳለሁ!» አለ አባቴ።

«በጾም? ሥጋውን ማን ሊበላልህ? ደግሞስ ታጥቦ፣ ተፈትሎ፣ ደርቆ በምን ቀን ይደርሳል?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። መሪጌታ የራኬቱን መሐል በስንዝራቸው ለኩና፣ ገና ያልተቆረጠ አንድ ጥቅል አውታር ቤታቸው እንዳለ ነገሩን። ለበገናቸው መቀየሪያ ያስቀመጡት ነው። በገና ደግሞ ዋና ጊዜው ጾም ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ «አይሆንም መሪጌታ፣ እርስዎ በምን ሊደረድሩ?» አላቸው።

«እኔ አንዱ ቢበጠስብኝ በዘጠኙ እደረድራለሁ። እሷ በምን ትጫወት?»

ሰኞ መሪጌታ ጥቅሉን ይዘው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። የራኬቱን ቁመት ሞላ፤ ለአግድሙ ግን አልተረፈም። መምህሩ ሲባጎ አመጣ። አባቴ «ይሄ መቼም አይበጠስ» ብሎ ሽቦ አመጣ። መሪጌታ ሁለቱንም በቁራጭ አንጀት ላይ ፈተጓቸው። ሲባጎው አንጀቱን አሻከረው፤ ሽቦውማ እንደ መጋዝ ገዘገዘው። በመጨረሻ ከአንድ ባለሱቅ የተገኘ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ሞከሩ። እሱ ላዩ ላይ ተንሸራተተ እንጂ አልጎዳውም።

«ይሄ ይሁን» አሉ። «አንጀቱ ኃይሉን ይስጥ፤ ይሄ ሳይቆርጠው ይደግፈው።»

መግጠሙ የአባቴ ሆነ። አልጋ እንደሚጠፍር አንዱን በላይ አንዱን በታች እያሳለፈ ሄደ። መምህሩ ይስባል፤ አባቴ እንዳይላላ ቀዳዳው ውስጥ ወስፌ ይሰካል፤ መሪጌታ በጣታቸው እየመቱ ያዳምጣሉ። «ገና ነው፣ ሳበው!» ይላሉ። እኔ እጀታውን ይዤ ነበር። አባቴ አጠገቤ አጎንብሶ ሳለ «ይቅር በለኝ አባዬ» አልኩት። «ያዢው፣ እንዳይዞር» አለኝ፤ ፈገግታውን ግን አየሁት።

አባቴ ደብረ ታቦር ድረስ አብሮን መጣ። ጨዋታው ሲጀመር ክሩ ይበጠሳል ብዬ ኳሱን መዳበስ ያዝኩ። ተጋጣሚዬ እንደልቧ ትመታለች። የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፍኩ፤ ሁለተኛውም እያመለጠኝ ነው። አባቴ የነጥቡን አቆጣጠር አያውቅም፤ መፍራቴን ግን ዐወቀ። ከዳር ብድግ አለና ሜዳውን በጩኸት አናወጠው።

«ምቺው እንጂ ልጄ! ቢበጠስ እኔ አለሁ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መታሁት፤ ኳሱ ከመስመሩ ውስጥ አርፎ ልጅቱን አልፏት ሄደ። የቀሩትን ሁለት ዙሮች ተከታትዬ ወስጄ ያን ግጥሚያ አሸነፍኩ። በማግስቱ ሌላ ተጋጣሚ አሸነፈችኝ፤ ክሩ ግን ምንም አልሆነም።

አሁን በመካነ ኢየሱስ ከተማ የስፖርት መምህርት ነኝ። አባቴ ሸምግሏል፣ በጤና አለ። መሪጌታ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርልኝ። ተማሪዎቼ ፈርተው እጃቸውን ሲሰበስቡ ሳይ ከዳር ሆኜ «ምቱት፣ እኔ አለሁ!» ብዬ እጮኻለሁ። አንዳንዱ መምህር «ድምፅሽ በዛ» ይለኛል። ይበለኝ። ያን ቀን አባቴ ባይጮኽልኝ ኖሮ እኔም ዛሬ ለማንም አልጮኽም ነበር።