የፋናዬና የካልቱማ ማብሪያ

ኬንያ ሞያሌ ደርሶ የፋናዬን ሆቴል የማያውቅ ሹፌር ወይ መንጃ ፈቃዱ የውሸት ነው፣ ወይ ሆድ የለውም። ፋናዬ ሠላሳ ዓመት ሽሮ ሸጣ ልጇን ሚሚን ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አድርሳለች። ረቡዕ ዕለት ግን ሚሚ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«ምን ሆንሽ?»

«እማዬ፣ አይጦቼ ደነቆሩብኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰውም በአይጥም ገላ ውስጥ ዘረመልን ሥራ የሚያስጀምር ማብሪያ አለ፤ ፕሮሞተር ይሉታል። ሚሚ ለጥናቷ ከአይጦቿ የአንድ የጉበት ዘረመል ማብሪያ ቆርጣ አወጣች። የአይጦቹ ጉበት ደህና ሆኖ ጆሯቸው ጠፋ! አስተማሪዋም «እስከ ሰኞ ምክንያቱን ካላገኘሽ የሁለት ዓመት ጥናትሽን ጥለሽ ሌላ ትጀምሪያለሽ» ብሏታል።

ፋናዬ ማማሰያዋን አስቀመጠች። «ከዘረመሉ ጀርባ ማን አለ?»

«ማን ይኖራል፣ ሌላ ዘረመል ነዋ። ፊቱን ወዲያ አዙሮ ተቀምጧል። እሱን ማን ነካው?»

ፋናዬ ሳቀች፤ ሳቋ ቀረጥ ሳይከፍል ድንበር ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ።

«ባለፈው ወር እኔስ ካልቱማን መች ነካኋት?»

ሹፌሮቹ በአንድ ሻይ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲያዩባት፣ ፉንዲው፣ ማለትም የመብራት ሠራተኛው ጎልቻ፣ የቴሌቪዥኑን ማብሪያ ከነሽቦው እንዲነቅለው አዘዘች። ሹፌሮቹ ምን ገዷቸው፤ ኳሱን በስልካቸው ቀጠሉ። ከግድግዳው ማዶ፣ በሯ ወደ ኋላ መንገድ የሚከፈተው የግመል ወተት ነጋዴ ካልቱማ ግን እያገሳች መጣች፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ፍሪጄን ገደልሽው!» ለካ አከራያቸው ቤቶቹን ጀርባ ለጀርባ ሲሠራ፣ ሽቦ ለመቆጠብ ለሁለቱም አንድ ማብሪያ ብቻ ነበር ያስገባው።

«የነቀልኩት የራሴን ነው፤ የተበላሸው የሷ ወተት» አለች ፋናዬ ለልጇ። «አንቺም የዘረመሉ ጎረቤት ላይ አጨልመሽበት እንዳይሆን!»

ሚሚ ሻይዋን ሳትጨርስ አውቶቡስ ተሳፈረች።

እሁድ ከሰዓት ደወለች። «እማዬ! የጎረቤቱን ዘረመል ለካሁት፤ እሱም ጠፍቷል! የጆሮው ሥራ የሱ ነው፤ ማብሪያው የሁለቱም!»

«ጉበቱስ?»

«ጉበቱማ እንደ ሹፌሮችሽ ነው፤ ሌላ መላ አያጣም።»

ሰኞ አስተማሪዋ «ቀጥዪበት» አላት። ከዚያ ወዲህ ሆቴሉ ገብቶ «እትዬ ፋናዬ፣ ልጅሽ ምን ታጠናለች?» ያለ ሹፌር ሽሮው ይበርድበታል። ፋናዬ ደረቷን ነፍታ፣ ግድግዳውን በማማሰያ እየመታች፣ ከጉበት ጀምራ ጆሮ ድረስ ታስረዳዋለች። ከማዶም ካልቱማ ግድግዳውን መልሳ ትደበድባለች፦

«ወተቴንም ንገሪው! ያለኔ ወተት የት ትደርሱ ነበር!»