እሸት የጠበሰው ዘብ

እኔና ባለቤቴ አዳነ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር ምስር መልቀም ነበር። ጠጠሩን ሰፌዱ ላይ እያስቀረ ምስሩን ይጥል ጀመር።

«ዓይንህ የት ሄደ?» አልኩት።

«አንቺ በማይክሮስኮፕ ታያለሽ፤ እኔ በዳበሳ ነው» ብሎ ሳቀ።

በሳምንቱ ራሱን ስቶ ወደቀ። ባሕር ዳር ወስጄው ሲመረመር አንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኘ።

እኔ ንፋስ መውጫ ውስጥ የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ነጭ የደም ሴሎችን አሳይተውኝ፣ «እነዚህ ወታደሮች ናቸው፤ ቁጠሪያቸው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከአርብ ገበያ ለመጣው በሽተኛ ሁሉ፣ «አይዞህ፣ ወታደሮችህ ተነሥተዋል» ስል ኖርኩ። ጦር ሜዳ ሳልረግጥ የእኔን ያህል የፎከረ ጄኔራል የለም።

ባሕር ዳር ለአዳነ የአንጎል እብጠት የሚቀንስ ክኒንና የመመለሻ ቀጠሮ ሰጡትና ቤት ገባን። ደሙን ራሴ ቀዳሁ፤ ስላይድ ላይ ቀባሁ፤ ቀለም አጠጣሁ፤ ቆጠርኩ። ነጮቹ እጥፍ ሆነዋል።

«ሠራዊትህ ዘምቷል!» አልኩት። የባሕር ዳሩንም ቀጠሮ ሁለት ሳምንት አሳለፍኩት። ድል ላደረገ ሠራዊት ሐኪም ምን ያደርግለታል?

ስንደርስ ዕጢው አድጓል። ቁጥሬን በኩራት ዘረጋሁት። ወጣቷ ሐኪም አየችውና፣ «እህቴ፣ ይህን ከፍ ያደረገው ክኒኑ ነው» አለችኝ።

«ዕጢው ውስጥስ አልገቡም?»

«ገብተዋል። ግን ብዙዎቹን ዕጢው አግባብቷቸዋል። የአንጎል የራሱ ጠባቂዎች እንኳ ማደጊያውን ያቀብሉታል፤ ሊዋጉት የመጡትንም ያስቆሙለታል።»

አዳነ የስማዳ ሰው ነው። «እኛም ገብሱን ከጭላዳ ዝንጀሮ የሚጠብቅ ዘብ ነበረን» አለ። «አባቴ ድንገት ቢሄዱ፣ ዘቡ እሸት ይጠብሳል፤ ጭላዳው ከጎኑ ተቀምጦ ይበላል።»

ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ የዘረጋሁትን ወረቀት አጣጠፍኩ።

«ሳቂ እንጂ፣ ጄኔራሌ» አለኝ።

አዳነ ሲያርፍ ለቅሶ የመጡት ባልደረቦቼ፣ «በሽታ የመከላከል አቅሙ ደክሞበት ነው» እያሉ አጽናኑኝ። ኧረ ምን ደክሞ! እሸት መጥበሱ በዝቶበት እንጂ።

ቀጠሮውን ያሳለፍኩባቸው ሁለት ሳምንታት ያድኑት ነበር ወይ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋት። «አላውቅም» አለችኝ። እኔም አላውቅም።

ቁጥር ሴሎቹ ስንት እንደሆኑ ይናገራል፤ ለማን እንደሚሠሩ አይናገርም። አሁንም እቆጥራለሁ። ከቁጥሩ አጠገብ በሽተኛው የሚወስደውን መድኃኒት እጽፋለሁ። ቀጠሮ ያለውን ሰው በቀጠሮው ቀን እልከዋለሁ።