ድገም የራሳቸውን ቅጽ ሲሞሉ

ዕድሜያቸው ሰባ ሦስት ነው። መታወቂያቸው ላይ የሰፈረው ሙሉ ስም ሦስት ቃል ቢኖረውም ከተማው የሚያውቃቸው በሌላ ነው፤ «ድገም»። ሠላሳ አንድ ዓመት መንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበሩ። መስታወት ሳያይ የታጠፈውን ሁሉ ከጎን ተቀምጠው በዚህችው ቃል ሲመልሱ ኖሩ፤ ስሙም አብሯቸው ጡረታ ወጣ።

ዛሬ የሚነዱት ለአንድ ተሳፋሪ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ባለቤታቸውን ለጉልበት ሕክምና ከከተማው ወዲያ ማዶ ያደርሳሉ። ከዚያ ጉዞ የሚበልጥባቸው ነገር የለም። መነጽር ሠሪዋ ልጃቸው ግን የአባቷን ዓይን ለክታ ስታበቃ ነገሩን ሳታድበሰብስ ተናገረች።

«አባዬ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ አጥርተህ አታይም። መኪናህ ላይ መንገድ የሚያመለክት፣ እግረኛ ሲገባም የሚያስጠነቅቅ ስክሪን ይገጠምልህ። አንድ ወር እንየው። በጊዜ ሳታየው የቀረ አንድ እግረኛ ካለ ቁልፉን ታስረክበኛለህ።»

«ፈራጁ ማነው?»

«አንተው ነህ። ከአንተ የባሰ ጨካኝ ፈታኝ ከየት አመጣለሁ?»

ስክሪኑ ከመሪው በስተቀኝ ተገጠመ። ካርታው፣ የአየር ሁኔታው፣ የዘፈኑ ርእስ ሳይቀር በቀለም ተንቆጠቆጠ። ድገም ባለቤታቸውን ሰዓት አስያዙና፣ በቆመ መኪና ውስጥ ዓይናቸውን ወደ ስክሪኑ ጣል አድርገው መለሱ።

«ሁለት ሰከንድ» አሉ ባለቤታቸው።

«በሁለት ሰከንድ መኪና በከተማ ፍጥነት ሃያ ስምንት ሜትር ይሄዳል፤ በጭፍን! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።»

«እንግዲያ ድገም በለዋ!»

ስክሪኑን የገጠመው ባለሙያ ተጠርቶ መጣ፤ ደገመም። አሁን ምስሉ የሚያርፈው በፊተኛው መስታወት ላይ፣ ከመሪው በላይ ነው። አንድ ነጭ ቀስት፣ እግረኛ ሲኖር አንድ ቀይ መስመር፣ ሌላ ምንም። ዓይን ከመንገዱ ሳይነሣ ይነበባል።

«ጥሩ ረዳት አገኘህ» ይላሉ ባለቤታቸው፤ «መንገድ ታሳያለች፣ እንደ እኔ አትነዘንዝህም።»

ሦስት ሳምንት እንዲህ በሰላም አለፈ።

ትናንት ዓርብ ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይዋ መስታወቱን አነጣችው። ቀዩ መስመር ብልጭ አለ፤ ድገም ፍሬን ያዙ። መኪናዋ ዜብራው ላይ ልትደርስ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ዳቦ ያቀፈች ሴት እጇን አንሥታ አመስግና አለፈች።

«ዛሬስ እንደ ሙሽራ መኪና ነው ቀስ ብለህ ያቆምካት» አሉ ባለቤታቸው ደስ ብሏቸው።

እሳቸው ግን ሴትየዋን ያዩዋት ከቀዩ መስመር በኋላ ነው።

ወሩ ሞላ፤ ልጃቸው ውጤቱን ልትሰማ ነገ ትመጣለች። ድገም አሮጌውን የፈተና ቅጽ ከመሳቢያ አውጥተው ተቀምጠዋል። መስታወት፣ ምልክት፣ ርቀት፤ ሁሉንም ያለ ርኅራኄ መርምረው «ጥሩ» ብለዋል። የቀረው የመጨረሻው ነው፤ እግረኛን በጊዜ አየ?

በእሳቸው ዘመን ሕጉ ግልጽ ነበር፤ የፈታኙ እግር በእሱ በኩል ያለውን ሁለተኛ ፍሬን ከነካ ተፈታኙ ወድቋል። ትናንት ፍሬኑን የረገጠው ግን የራሳቸው እግር ነው። ደግሞም «ያየው መነጽሩ ነው» ብለው መነጽር ያደረገ ሰው ጥለው አያውቁም።

ከወዲያኛው ክፍል የባለቤታቸው ድምፅ ይሰማል፤ ስልክ ላይ ናቸው። «ማክሰኞ? አዎ፣ እሱ ያደርሰኛል።»

እስክሪብቶው ቅጹ ላይ እንደቆመ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ፈታኙ እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይጽፉ ነበር፤ አለፈ ወይስ ወደቀ?